ከዳኮታ እስከ ድሪምላይነር

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ፎቶ የማስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ ስትበረብር አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዛ መጣች። ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ቀጫጭን ልጃገረዶች ሣር ሜዳ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው አፍንጫውን ወደ ሰማይ የቀሰረ አውሮፕላን አለ። ልጅቱ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና፣ «እማማ፣ ይሄ አውሮፕላን ተሰብሮ ነው? ጅራቱ መሬት ላይ ተቀምጧል እኮ!» አለችኝ።

አልተሰበረም፤ አሠራሩ ነው። ስሙ ዳኮታ ይባላል። ከሁለቱ ልጃገረዶች አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ ከነርስ ትምህርት ቤት ጀምሮ አብራኝ የኖረች የአስመራ ልጅ ናት። ቦታው ጂንካ፣ ዘመኑ 1973 ዓ.ም. ነው። ልጅቱ መልሷን አግኝታ ወደ ካርቱኗ ተመለሰች፤ እኔ ግን ከፎቶው ጋር ቀረሁ። ውድ አንባቢዎቼ፣ የዛሬው ጨዋታችን ከዚያ ፎቶ የወጣ ነው፤ ስለ ድሮ አውሮፕላኖችና ስለ ድሮ የበረራ መስመሮች። በተለይ ደግሞ ስለ አንድ መስመር፣ ከሁሉም ቀድሞ ስለተከፈተው።

የ1938ቱ በረራ

አገራችን አውሮፕላን ያየችው ቀደም ብላ ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አጠገብ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። ይሁንና ብዙው ሕዝብ አውሮፕላንን ያወቀው በደግ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ከሰማይ የወረደው ቦምብና የመርዝ ጋዝ ነው። እናቴ በልጅነቷ የሰማችው የአውሮፕላን ድምፅ ይሄ ስለነበር፣ አርጅታም ቢሆን ከባድ አውሮፕላን በቤታችን ላይ ሲያልፍ ሥራዋን አቁማ ታማትብ ነበር።

የሚገርመው ግን ዳኮታ የሚሠራበት ዓይነት አውሮፕላን፣ ማለትም ዲሲ-3፣ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በዚያው በ1928 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። የእኛ ሰው ከሰማይ መከራ በሚወርድበት ወር፣ ኋላ ገበሬውን ከነቡናው፣ በሽተኛውን ከነቃሬዛው ተሸክሞ የሚበርረው አውሮፕላን በሌላው የዓለም ጫፍ የመጀመሪያ እርምጃውን ይሞክር ነበር ማለት ነው።

አሥር ዓመት አለፈ። ጠላት ከወጣ በኋላ በ1938 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። ቲ ደብልዩ ኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ስምምነት ተደርጎ፣ አብራሪዎቹም መካኒኮቹም በመጀመሪያ አሜሪካውያን ነበሩ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47ዎች ናቸው። ሲ-47 ማለት ዲሲ-3 ሆኖ ለጦር ሠራዊት ጭነት የተዘጋጀው ነው፤ እንግሊዞች ዳኮታ ብለው ስም አወጡለት፣ እኛም በዚያው ጠራነው።

የመጀመሪያው በረራ የተደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ወዴት መሰላችሁ? ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ አስመራ አርፎ፣ ካይሮ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ በረራ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተዘረጋው ያ ሁሉ መስመር የበኩር ልጁ የአስመራው መስመር ነው። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ያን ጊዜ ቦሌ የሚባል ማረፊያ አልነበረም። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከልደታ ነው። ዛሬ ታክሲ ላይ ረዳቶች «ኦልድ ኤርፖርት!» እያሉ የሚጠሩት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እዚያ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ሰፈራቸው ለምን በእንግሊዝኛ እንደሚጠራ ስጠይቃቸው አንዳንዶቹ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አንድ ሰው ይንገራቸው።

ሽቅብ የሚወጣ ወለል

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ ልመለስ። ዳኮታ ሁለት ትልልቅ ጎማዎች በክንፎቹ ሥር፣ አንድ ትንሽ ጎማ ደግሞ በጅራቱ አለው። ስለዚህ ቆሞ ሲታይ የተቀመጠ ውሻ ይመስላል። በኋላ በኩል ባለው በር ትገቡና ወንበራችሁ ጋ ለመድረስ ሽቅብ ትወጣላችሁ። አሮጊቶች መቀመጫውን እየያዙ፣ «ወይኔ፣ እዚህም ዳገት አለ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አውሮፕላኑ ሮጦ ሮጦ ጅራቱን ሲያነሣ ነው ወለሉ የሚስተካከለው።

በገጠሩ መስመር የነበሩት ዳኮታዎች ውስጣቸው የሎንቺና ያህል ነው። መቀመጫው በሁለቱ ጎኖች ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ሲሆን፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ይተያያል። መካከሉ ላይ ጭነቱ በመረብና በገመድ ይታሰራል፤ የቡና ጆንያ፣ ቆዳ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የፖስታ ከረጢት። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲና ወደ ኤደን ደግሞ ጫት ይጫን ነበር። ጫት እንደምታውቁት ካደረ ዋጋ የለውም፤ ለአየር መንገዱ በዚያ ዘመን ደህና ገቢ ካስገኙ ጭነቶች አንዱ እሱ ነው።

ሁለት ሞተሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደር፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት። ሲነሣ አንዱ ሞተር ቀድሞ ያስነጥሳል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከአዲስ አበባ አስመራ ለመድረስ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ነው። ዛሬ የምናየው ድሪምላይነር ግን ክንፉ 60 ሜትር ሲሆን አስመራን በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርስበታል።

አንድ ነገር በነርስነቴ ልጨምር። ዳኮታ የውስጡ አየር እንደ ዛሬዎቹ አውሮፕላኖች በግፊት የሚጠበቅ አይደለም። ከተራራ በላይ ስትወጡ የተራራውን ቀጭን አየር ነው የምትተነፍሱት። ሲወርድ ደግሞ ጆሮ ይደፈናል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። እናቶች «ልጄን ምን ነካብኝ?» ብለው ሲደነግጡ፣ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ስጡት እንላቸው ነበር። ሲውጥ የጆሮው ቧንቧ ይከፈትለታል። ይህ ምክር ለዛሬ ተጓዦችም ይሠራል፤ የዛሬው አውሮፕላን ሕመሙን ቀነሰው እንጂ ጨርሶ አላጠፋውም። ጡት የጣለ ልጅ ከሆነ ውኃ ይጠጣ ወይም የሚመጥጠው ነገር ይሰጠው። ጉንፋን የያዘው ልጅ ግን የበለጠ ስለሚያመው ከጉዞ በፊት ሐኪም ቢያየው ይመረጣል።

ጂንካ፣ ሣር ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን

እኔና ጓደኛዬ በ1971 ዓ.ም. ዲፕሎማችንን እንደያዝን ዕጣ ጂንካ ጣለን። ያን ጊዜ «የት ትፈልጋላችሁ?» የሚል የለም። ጂንካን የሚያውቅ ሰው የከተማዋ መካከል የሣር ሜዳ እንደነበር ያውቃል። ያ ሜዳ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ያ ሜዳ የከብት ግጦሽም፣ የልጆች ኳስ መጫወቻም ነው። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ልጆች ኳሳቸውን አንሥተው ይሮጣሉ፣ እረኞች ላሞቹን ይነዳሉ፣ ከተማው በሙሉ ወደ ሜዳው ይወጣል። ፖስታ የሚጠብቅ አለ፣ ደመወዝ የሚጠብቅ አለ፣ ዘመድ የሚጠብቅ አለ። የሚጠብቀው የሌለውም ማን እንደመጣ ለማየት ይወጣል።

እኛ የምንጠብቀው ክትባት ነበር። በአገራችን የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን ዒላማው ስድስት በሽታዎች ነበሩ፦ የሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ። ክትባት ደግሞ እንደ ጫት ነው፤ ከመንገድ ከቆየ ይበላሻል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በበረዶ በታሸገ ሣጥን ዳኮታው ያመጣልናል፤ እኛ ሣጥኑን ተቀብለን በኬሮሲን ወደሚሠራው ማቀዝቀዣ እንሮጣለን። ያ ፎቶ የተነሣው ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ነው። ሣጥኑ እግራችን ሥር ይታያል።

በመኪና ቢባል፣ ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በዝናብ ጊዜ መንገድ አይባልም። ወይጦ ሲሞላ ማንም አያልፍም። ስለዚህ ለእኛ አውሮፕላኑ ቅንጦት አልነበረም።

አንድ ሚያዝያ፣ ምጥ የያዛት ሴት ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ አመጡልን። ምጡ ሁለት ቀን አልፎታል። ሕፃኑ አግድም ሆኖ አንድ እጁ ብቻ ቀድሞ ወጥቷል። ኦፕራሲዮን ካልተደረገላት ተስፋ የላትም፤ እኛ ጋ ደግሞ የሚያደርግ ሐኪምም ክፍልም የለም። ዳኮታው የሚመጣው በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር። ሌሊቱን እግዚአብሔርን ስንለምን አደርን።

ማክሰኞ ዝናቡ አላቆመም። አውሮፕላኑ መጣ፣ ከደመናው በታች ብቅ አለ፣ ከተማውን ሁለቴ ዞረና ተመለሰ። ሜዳው ረግረግ ሆኖ ነበር። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ የሴትየዋ ባል ፊት ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አብራሪውን አልወቅስም፤ በዚያ ጭቃ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ሁላቸውንም እናጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የከተማው ሰው ሳይጠራ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። ውኃውን በቦይ አወረዱት፣ ጭቃውን ጠረጉት፣ ድንጋይና አሸዋ ጨመሩበት። በሬዲዮ መልእክት ተላለፈ። ረቡዕ ጠዋት ዳኮታው አረፈ። አግዳሚዎቹን አጥፈን ሴትየዋን ወለሉ ላይ በፍራሽ አስተኛናት። ወለሉ ዘቅዛቃ ስለሆነ ራሷን ወደ አብራሪዎቹ በኩል አደረግን፤ አለዚያ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ቁልቁል ተዘቅዝቃ ትቆያለች። በግራ ጎኗ አዞርናት፣ ጉሉኮሱን ከጭነት ማሰሪያው ላይ አንጠለጠልነው። ከሁለታችን አንዳችን መሄድ ነበረብን፣ ጓደኛዬ ሄደች። አብራሪው የሴትየዋን ሁኔታ ሲሰማ ተራራውን ከመውጣት ይልቅ ሸለቆውን ተከትሎ ዝቅ ብሎ በረረ።

እናትየዋ አርባ ምንጭ ደርሳ ዳነች። ሕፃኑን ግን አላተረፍነውም። ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ጓደኛዬ በሚቀጥለው በረራ ስትመለስ ከአውሮፕላኑ ወርዳ አንድም ቃል ሳትናገር ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መስመር ተከፈተ»፣ «መስመር ተዘጋ» ሲባል ስሰማ እንደ ማንኛውም ዜና አድርጌ አላልፈውም።

የዳኮታዎቹን የገጠር ሥራ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ትዊን ኦተር የሚባሉት ትንንሽ አውሮፕላኖች እየተረከቡ ሄዱ። እነሱም አጭር ሜዳ አይፈሩም። ግን ዳገት አልነበራቸውም።

ትልልቆቹ ወፎችና ሩቅ መንገዶቻቸው

ዳኮታ ገጠሩን ሲያገለግል ትልልቆቹ ደግሞ ዓለምን እያዳረሱ ነበር። እስቲ ለቤተሰብ ጨዋታ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች ላቀብላችሁ፤ ለጥያቄና መልስ ውድድር ይጠቅሟችኋል።

በመጀመሪያ ኮንቬየር 240 መጣ። የውስጥ አየሩ በግፊት የሚጠበቅ ስለነበር ተሳፋሪው ጆሮው አረፈ። ቀጥሎ አራት ሞተር ያለው ዲሲ-6ቢ መጣና መንገዱ ረዘመ። በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ተከፈተ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አክራና ወደ ሞንሮቪያ በመብረር ምሥራቅ አፍሪካን ከምዕራብ አፍሪካ አገናኘ። ከዚያ በፊት ከአንዱ የአፍሪካ ዳርቻ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙ ሰው አውሮፓን ዞሮ ነበር የሚጓዘው። ጎረቤት ቤት ለመድረስ ከተማውን ዞሮ እንደ መምጣት ነው።

የጀት ዘመን የመጣው በ1955 ዓ.ም. ነው፣ ቦይንግ 720ቢ በሚባለው። ልደታ ለጀት አይበቃም፤ ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ክንፍም ሞተርም ይደክማሉ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሩጫና ብርቱ ሞተር ይፈልጋል። ለዚህ ነው አገራችን ሁልጊዜ ጉልበተኛ አውሮፕላን የምትመርጠው።

ቻይናን ዛሬ ነጋዴው ሁሉ እንደ መርካቶ ይመላለስባታል። የእኛ አየር መንገድ ሻንጋይ ሲገባ ግን 1965 ዓ.ም. ነበር፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። በዚያን ጊዜ ቻይናን በካርታ እንጂ በዓይኑ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

በ1976 ዓ.ም. ግንቦት 24 ቀን ቦይንግ 767 አዲስ ሆኖ ሲመጣ ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ሁለት ሞተር ብቻ ላለው ጀት አዲስ የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። አገሪቱ በችግር ላይ በነበረችበት በዚያ ዓመት ይህን ዜና በሬዲዮ ስንሰማ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር አጨብጭቧል። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ድሪምላይነር ሲገባም ከአፍሪካ ቀዳሚ እኛ ሆንን።

ከአውሮፕላኑ በላይ የሚያኮራኝ ግን ሰዉ ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1940ዎቹ መገባደጃ የዳኮታ አዛዥ ሆነው ሲያበሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የድርጅቱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በአሜሪካውያን እጅ የተጀመረ ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ በአገር ልጅ እጅ ገባ ማለት ነው።

የበኩር መስመር

በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። የአስመራው መስመር በ1938 ዓ.ም. ሲከፈት ዳኮታ በረረበት፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም ትልልቅ አውሮፕላኖች በየተራቸው ተመላለሱበት። ተማሪዎች ሳለን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የአስመራ የመኪና መንገድ በጦርነት ተቆራርጦ ነበር። ጓደኛዬ ወላጆቿን የምታየው በአየር ብቻ ነው። ስትሄድ ቅቤና ሽሮ እንቋጥርላታለን፤ ስትመለስ የእናቷን ሕምባሻ ይዛ ትመጣለች። እናቷን በዓይኔ ሳላያቸው «አደይ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው።

ጓደኛዬ በ1975 ዓ.ም. ወደ አስመራ ተዛወረች፤ እዚያው አገባች፣ ወለደች። አገር ለሁለት ሲሆንም መጠያየቃችን አልቆመም፤ አውሮፕላኑ ስለሚመላለስ ደብዳቤም ሰውም ይመላለሳል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። በረራ የለ፣ ስልክ የለ፣ ፖስታ የለ። ወደ አስመራ የግድ መሄድ ያለበት ሰው በሦስተኛ አገር፣ ለምሳሌ በካይሮ፣ ዞሮ ነበር የሚሄደው። አስቡት፤ የ1938ቱ ዳኮታ ወደ ካይሮ ሲሄድ አስመራን እግረ መንገዱን ይረግጥ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከዚያ እጅግ በሚበልጡ አውሮፕላኖች ዘመን፣ ሰው አስመራን በላይዋ አልፎ ካይሮ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። እንዲህ ከሆነ መንገዱን የሚያረዝመው የአውሮፕላኑ ዓይነት አይደለም።

ይህ 20 ዓመት ቆየ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስልኩ ሲከፈት ሰዎች የማያውቁትን የአስመራ ቁጥር ሁሉ እየደወሉ «እንዴት ናችሁ?» ይሉ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 11 ቀን ሁለት ድሪምላይነሮች ተከታትለው አስመራ አረፉ። እኔ በቴሌቪዥን እያየሁ፣ ከአውሮፕላኑ የሚወርዱት ሰዎች አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ሲስሙ፣ ወጥ ሲያርርብኝ አልሰማሁም።

የቀድሞ ቁጥሯን ደወልኩ። አልሠራም። በዘመድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በጡረተኛ ነርሶች በኩል አፈላልጌ በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዋን ሰማሁ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የፈጀው፤ አስተናጋጇ ያቀረበችልኝን ሻይ በቅጡ ሳልጨርስ ደረስን። 20 ዓመት ያለያየን መንገድ አንድ ስኒ ሻይ አያስጨርስም።

በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ እንደኔው ሸብታለች። አደይ በመካከሉ አርፈዋል፤ ሳልቀብራቸው፣ ለቅሶ ሳልደርስ። መጀመሪያ የሄድነው መቃብራቸው ጋ ነው። ማታ ላይ ከመሳቢያዋ ያንኑ የጂንካ ፎቶ አወጣች። እሷም አላት ለካ። ስለዚያ ማክሰኞ የተነጋገርነው በዚያች ሌሊት ነው፤ በ38 ዓመታችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ሜዳው ዳር ስቀር ምን እንዳሰብኩ፣ እሷ አውሮፕላኑ ውስጥ ምን እንዳየች። የሕፃኑን እጅ ይዛ እንደነበር ነገረችኝ፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም። በሦስተኛ ሰውም አይላክም።

ከዚያ በኋላ አንዴ እሷ መጣች፣ አንዴ እኔ ሄድኩ። ለጥምቀት 2017 ዓ.ም. እንድትመጣ ተቀጣጥረን ነበር። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራው እንደገና ቆመ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ የመንግሥታትን ጉዳይ የሚያውቁት ይጻፉት። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው 20 ዓመት ሲጀምር 40 ዓመት አልሞላንም ነበር፤ መጠበቅ እንችል ነበር። አሁን ሁለታችንም 70ን እየተጠጋን ነው። ግፊቷን የሚለካላት ልጇ ነው፣ የእኔን ደግሞ ራሴ ነኝ። ሌላ 20 ዓመት የለንም።

ሜዳው ረግረግ ሲሆንበት አውሮፕላኑ ይመለሳል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የጂንካ ሰው ያን ዕለት ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ ካየ በኋላ ወደ ቤቱ አልገባም። አካፋ ይዞ ወጣ። ማንም አላዘዘውም። የሴትየዋ ዘመድ ያልሆነውም ወጣ። እናትየዋ የዳነችው በዚያ ነው።

የቤት ሥራ

ይህ ገጽ የቤተሰብ ገጽ ነውና በቤት ሥራ ልጨርስ። ቤታችሁ የድሮ ፎቶ፣ ቀይ ካርቦን ያለው የድሮ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሻንጣ ወረቀት ይኖራል። ዛሬ አውጡትና ከኋላው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጻፉበት። የሚያውቀው ሰው ካለፈ በኋላ ፎቶ ወረቀት ብቻ ነው። ትልልቆቻችሁን በመጀመሪያ የተሳፈሩበትን አውሮፕላንና የሄዱበትን ምክንያት ጠይቋቸው፤ ከምታስቡት በላይ ታገኛላችሁ። የራቃችሁት ወዳጅ ካለና መንገዱ ክፍት ከሆነ ደግሞ፣ «በሚቀጥለው ዓመት» አትበሉ።

እኔም የጂንካውን ፎቶ ወደ ቆርቆሮው አልመለስኩትም። ልጅቱን ጠርቼ እስክሪብቶ አምጪ አልኳትና ከኋላው የሁለታችንንም ስም አስጻፍኳት፤ ጂንካ፣ 1973 ዓ.ም.፣ ዳኮታ። ጽፋ ስትጨርስ፣ «ይቺኛዋስ አሁን የት ናት?» አለችኝ።

«አስመራ» አልኳት።

«ሩቅ ነው?»

«አይደለም» አልኳት፤ «የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።»